ሌፐርድ ራስ የምትባለው አሳዬ አሸዋ ውስጥ ከገባች 5 ቀን ሆናት፤ ቆፍሬ ላውጣት ወይስ ልጠብቅ?

ሜሪላንድ75

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ቢረዝምም እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ያለሁት ሜሪላንድ ነው። 75 ጋሎን የጨው ውሃ ታንክ አለኝ፣ በሊትር 284 ገደማ ይሆናል። ከተቋቋመ 11 ወር አልፎታል። ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ፋየርፊሽና አንድ ማንዳሪን የሚባሉ አሳዎች አሉ፤ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎችም አሉኝ። ጨዋማነቱ 1.025፣ ሙቀቱ 25.5 ዲግሪ፣ አሞኒያ 0፣ ናይትሬት 10 አካባቢ ነው። አሸዋው ስኳር የሚመስለው ደቃቁ ዓይነት ነው። ጥልቀቱ ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ባለፈው ቅዳሜ ለዓመታት ስመኛት የነበረችውን አሳ ገዛሁ። ብሉ ስታር ሌፐርድ ራስ ትባላለች። ራስ ስል የአሳው ዘር ስም ነው፣ ከአማርኛው ራስ ጋር ግንኙነት የለውም። ሴት ናት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል። ጀርባዋ ብርቱካናማ ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነው፣ ሆዷ ላይ ደግሞ ጥቁሩ መሬት ላይ ሰማያዊ ኮከብ የተበተነ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሱቁ ከኬንያ እንደመጣች ነግሮኛል።

ታንኩ ውስጥ ስለቃት አስር ሰከንድ አልቆየችም። አፏን አስቀድማ አሸዋው ውስጥ ገባች፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለሥራ እወጣለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። መብራቱ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው የሚበራው። በየቀኑ እስኪጠፋ ድረስ ፊቱ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ምንም የለም። ባለቤቴ ሞታ ከሆነ ውሃው ሳይበላሽ ብናወጣት ይሻላል ትላለች። የ6 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ማታ ማታ «ነብሪት ተነሳች?» እያለች ትጠይቀኛለች፣ መልስ አጥቻለሁ።

አሸዋውን በቀስታ በእጄ ላገላብጠው ወይስ ልተወው? ይህን አሳ ያሳደገ ካለ እባካችሁ።

ሪፍ_አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ እጅህን ከታንኩ አውጣ። በምንም ምክንያት አሸዋውን አትንካው።

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ሁለት ሌፐርድ ራስ አሉኝ፣ አንዷ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሷም መጀመሪያ ስትመጣ 8 ቀን ተቀብራ ነበር። እነዚህ አሳዎች የሚተኙት አሸዋ ውስጥ ነው። ሲደነግጡም የሚሸሹት እዚያው ነው። 5 ቀን ብዙ አይደለም። ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየች፣ ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ሌላ አሳ ሊገዛ ሲል ብቅ ያለች ብዙ አለች።

ሞታ ይሆን ላልከው፣ 6 ሴንቲ ሜትር አሳ ብትሞት 11 ወር የሆነው 284 ሊትር ታንክ አይናጋም። ለማንኛውም አሞኒያውን በየቀኑ ለካ። 0 ከሆነ ተረጋጋ። ታንክህ ውስጥ ናሳሪየስ ቀንድ አውጣ ካለህ ደግሞ እነሱ ይነግሩሃል፣ የሞተ ነገር ካለ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ሰዓቷን አስብ። ከኬንያ ነው የመጣችው አላልክም? የኬንያ ሰዓት የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። አሁን በጋ ስለሆነ እኛ ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደኋላ ነን፤ እናትህ ጋ ስትደውል የምታሰላውን ስሌት አሳዋ ላይ አስላው። እዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲነጋ እኛ ጋ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ነው። እዚያ ሲመሽ እኛ ጋ ገና ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ያንተ መብራት የሚበራው ቀን 6 ሰዓት ላይ! ይቺ አሳ በሰውነቷ ሰዓት ከመሸ በኋላ ነው መብራት የምታበራባት፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ አጥፍተህ ስትተኛ ደግሞ እሷ ልትነቃ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀራት። በዚህ አካሄድ አንድ ወር ብትጠብቅ ላትገናኙ ትችላላችሁ።

እርግጥ አስመጪው ጋና ሱቁ ውስጥ ጥቂት ቀን ቆይታ ከሆነ ሰዓቷ ትንሽ ተስተካክሎ ይሆናል። ግን ይህን ያህል ከጠፋች እኔ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ መብራቱን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲበራ አድርገው፣ ቀን 10 ሰዓት ላይ ይጥፋ። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ታገኛለህ። ብቅ ስትል እዚያው ላይ ምግብ ስጣት። መብላት ከጀመረች በኋላ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየገፋህ ወደምትፈልገው ሰዓት ታመጣታለህ። አትቸኩል።

የኮራል_እናት

ሪፍ_አሌክሳንድሪያ ያለውን አጠናክሬ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔ ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። እንዳንተው አንዲት ትንሽ ሌፐርድ ራስ ገዛሁ። ገባች፣ ጠፋች። በሰባተኛው ቀን ጭንቀቱን አልቻልኩም፣ የምግብ ማንኪያ ይዤ አሸዋውን ከአንድ ጥግ ጀምሬ ገለጥኩ። በሕይወት ነበረች! ከአሸዋው ተስፈንጥራ ወጥታ ድንጋዩን መታች፣ ከዚያ መስታወቱን መታች፣ ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ወለሉ ላይ አፏ ተሰንጥቆ በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ብተዋት ኖሮ ትኖር ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አሁንም ስጽፈው ይከብደኛል።

እና አፍ ስል፣ ይህ የነዚህ አሳዎች ትልቁ ችግር ነው። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆነው ከሩቅ ሲጓጓዙ አሸዋ ፍለጋ የከረጢቱን ታች በአፋቸው ይገፋሉ። ያ ለሰዓታት ነው። ሲደርሱ ከንፈራቸው የቆሰለ ብዙ ናቸው። አፏ የቆሰለ አሳ ደግሞ አትበላም። ሱቅ ውስጥ ስትበላ አይተሃታል? እኔ አሁን ስትበላ ካላየሁ አልገዛም። የመጀመሪያዋን የሸጠልኝ ሱቅ «ትላንት በልታለች» ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ከረጢቷ ውስጥ ሆና አፏ ነጭ እንደነበር ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሌላው፣ ክዳን አለህ? መረብ ክዳን ማለቴ ነው። እነዚህ ይዘላሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ ይበቃቸዋል።

ሜሪላንድ75

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰዓቱን ነገር ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ፤ እውነት አስቤው አላውቅም። መብራቱን አሁኑኑ ቀይሬዋለሁ።

የኮራል_እናት፣ ስላጣሻት አሳ በጣም አዝናለሁ እህቴ። ስለነገርሽኝ ደግሞ አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ልቆፍር ወስኜ ነበርና። ሱቁ ውስጥ የቀለጠ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ የአሳ ምግብ) ስትለቅም አይቻታለሁ፣ አፏም ደህና ይመስል ነበር። መረብ ክዳን አለኝ፣ ግን በስተኋላ የቱቦው ቦታ ክፍት ነው፣ እሱን ዛሬ እዘጋዋለሁ።

ጥያቄዬ ምግቡ ላይ ነው። ማንዳሪኑ እንደምታውቁት ኮፔፖድ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ነው የሚበላው። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ? አሸዋውስ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃታል?

አሰብ_ያደገ

ልጄ፣ እኔ እድሜዬ ገፍቷል፣ ጽሑፌ ቢረዝም ታገሠኝ። አሰብ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ልጅ ሆነን ውሃው ጥርት ባለ ቀን ድንጋዩ ላይ በሆዳችን ተኝተን ወደ ታች ማየት ነበር ሥራችን። አሁን ቤቴ ያለው ታንክ ያ ድንጋይ ነው ለእኔ። 20 ዓመት ሆነኝ ይህን ከያዝኩ።

እንግዲህ ስለ ምግቡ። ሰው ስለ አሸዋው ብቻ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ሌፐርድ ራስን የሚገድለው ከሁሉ በላይ ረሃብ ነው እላለሁ። የራስ ዘር ጨጓራ የለውም፣ የበላው በቀጥታ አንጀት ነው የሚገባው። ስለዚህ ጠዋት አጥግበህ እስከ ማታ ማቆየት አይሆንም። ባሕር ውስጥ ብታያት ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ስትለቅም ነው የምትውለው። አንዱን ዓይን ወዲህ፣ አንዱን ዓይን ወዲያ እያደረገች ትመረምራለች፣ ጠቅ ታደርጋለች፣ ታልፋለች። የምትለቅመው ኮፔፖድና ሌሎች ጥቃቅን ቅርፊት ለባሾችን፣ ደቃቅ ቀንድ አውጣንና ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ ዛጎል ፍጥረታትን ነው። ይህን የምትፈጭበት ትልቅ ጥርስ ጉሮሮዋ ውስጥ አለ። ማክሮፋሪንጎዶን የሚለው የሳይንስ ስሟም ትልቅ የጉሮሮ ጥርስ ማለት ነው።

ማንዳሪንና እሷ አብረው ይኖራሉ ወይ ላልከው፣ አይጣሉም። ግን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት፣ ሳህኑም ትንሽ ነው። 75 ጋሎን ታንክ ውስጥ ያለው ፖድ (ኮፔፖድ ማለቴ ነው) ለአንድ ማንዳሪን እንኳ አንዳንዴ አይበቃም። ሌፐርድ ራስ ደግሞ ከእሱ በጣም ትፈጥናለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ማንዳሪኑ ሲከሳ ልታይ ትችላለህ። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ።

አንደኛ፣ ፖድ አራባ። ሳምፕ (ከዋናው ታንክ ጋር የተያያዘ የማጣሪያ ታንክ) ካለህ አንዱን ክፍል ለኬቶሞርፋ አልጌ ስጠው፣ መብራቱን ዋናው ታንክ ሲጨልም አብራለት። ያ የተንዛዛ ጸጉር የመሰለ አልጌ የፖድ ቤት ነው። ሳምፕ ከሌለህ ድንጋዮቹ ኋላ አሳ የማይገባበት የድንጋይ ስብርባሪ ክምር ሥራ። ቲስቤና ቲግሪዮፐስ የሚባሉትን በጠርሙስ ገዝተህ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ጨምር። ቲግሪዮፐስ ጤፍ ስለሚያክል ለእሷ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን መዋኘት ስለሚወድ ቶሎ ተለቅሞ ያልቃል። ቲስቤ ያንሳል፣ ድንጋዩ ውስጥ ይደበቃል፣ እዚያው ይራባል። የሚያዛልቅህ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ እሷን የቀዘቀዘ ምግብ አስለምዳት፤ ከፖዱ ላይ ጫና ትቀንሳለች። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በጣም ትንሽ ትንሽ። ማይሲስ ትልቅ ከሆነባት በቢላ ክተፈው። ካላነስ የሚባለው የኮፔፖድ ዓይነትም ጥሩ ነው። የአሳ እንቁላል ደግሞ እምቢ ያለች አሳ አፍ ይከፍታል፣ ያለ ጨውና ያለ ቀለም የተዘጋጀውን ብቻ ፈልግ። ጭራሽ አልበላም ካለች አርቴሚያ የሚባለውን ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ ፈልፍል። እንቁላሉን ጨው ውሃ ውስጥ አየር እየነፋህበት 27 ዲግሪ አካባቢ ብታቆየው በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ አትችልም፣ ትለቅመዋለች። አርቴሚያው ብቻውን ግን አያኖራትም፣ ለጅማሬ ነው።

አሸዋው 4 ሴንቲ ሜትር ለዚህች ትንሽ አሳ ለጊዜው ያኖራታል። ስታድግ ግን 13 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብታደርገው እመርጣለሁ። አሁን ከላይ አሸዋ አታፍስባት! የመስታወት የዳቦ መጋገሪያ ሳህን ውሰድ፣ ታጥቦ የጠራ ደቃቅ አሸዋ 8 ሴንቲ ሜትር ሙላ፣ ባዶ ጥግ ላይ አስቀምጥ። ብዙዎቹ ራሳቸው መርጠው እዚያ ይተኛሉ። ሸካራ የኮራል ስብርባሪ ግን በፍጹም አይሁን፣ ቆዳዋን ይፍቃታል።

ኳራንቲን_ይቅደም

ይቅርታ አድርጉልኝና ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ይህች አሳ ቀጥታ ዋናው ታንክ ውስጥ ነው የገባችው። በሽታ ይዛ ቢሆንስ? ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቬልቬት የሚባሉትን የጥገኛ ተውሳክ በሽታዎች ይዛ ከሆነ ክላውኖቹም ማንዳሪኑም አብረው አለቁ። ነጭ ነጠብጣብ ከገባ ደግሞ ተውሳኩ እስኪያልቅ ታንኩን ያለ አሳ ባዶውን ማቆየት ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚይዘው 76 ቀን ነው።

ሌፐርድ ራስ ለኳራንቲን (ለይቶ ለማቆየት) አትሆንም የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፣ እኔ አልስማማም። አስቸጋሪ ነው፣ ግን ይቻላል። ባዶ ታንክ ውስጥ አሸዋ የሞላ ሳህን ታስቀምጥላታለህ። አሸዋው ሲሊካ ይሁን፤ የካልሲየም አሸዋ ለመድኃኒት የምትጨምረውን መዳብ ስለሚመጥ መጠኑ ይዛባል። መዳቡንም በአንዴ አይደለም፣ እየለካህ በብዙ ቀን ከፍ ታደርጋለህ። እነዚህ አሳዎች ጥገኛ ትል ይበዛባቸዋል፣ ስለዚህ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት እኔ ለሁሉም እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን መብላት አለባት፣ ያልበላች አሳ መድኃኒት ውስጥ አላስገባም።

አሰብ_ያደገ

ልክ ነህ ልጄ፣ ሐሳብህን አልቃወምም። እኔም ሌላውን አሳ ሁሉ ለይቼ አቆያለሁ። በዚህች ላይ ግን ከልምዴ የማየው፣ ባዶ ታንክ ውስጥ የምትለቅመው ነገር የላትም፣ ትከሳለች፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይደርብባታል። ሦስት አሳ እንዲህ አጥቻለሁ። ስለዚህ እኔ እሷን መጀመሪያ አስገብቼ ሌሎቹን ከኋላ ነው የማመጣው።

አሁን ግን ክርክሩ ለሚቀጥለው ነው። ይህችን ከአሸዋ አውጥቶ ወደ ኳራንቲን መውሰድ መግደል ነው። በዚህ እንስማማለን ብዬ አስባለሁ።

ኳራንቲን_ይቅደም

በዚህ እንስማማለን ጋሼ። ሜሪላንድ75፣ አሁን አትንካት። ስትወጣ ግን አተነፋፈሷን ተመልከት። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ድንጋይ ላይ ሰውነቷን ካሻሸች፣ ወይም ዓይኗ ከደፈረሰ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። ከጭንቅላቷ ኋላ ያለው ጀርባዋም ሰርጎድ ካለ ከስታለች ማለት ነው። ሆዷ ከመጉደሉ በፊት እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

ሜሪላንድ75

ወጣች!!!

ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መብራቱ በራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ወደ ሥራ ሄድኩ። ቅዳሜ ልጄን ቀሰቀስኳት፣ ብርድ ልብሷን ተጠቅልላ አብራኝ ተቀመጠች። 12 ሰዓት ከ20 ሲሆን ከግራ በኩል ካለው ድንጋይ ሥር አሸዋው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አንድ ዓይን ብቻ ነው የታየው። እውነት እላችኋለሁ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል አንድ ዓይን ብቻ ሆና ዙሪያውን አየች። ከዚያ ሹልክ ብላ ወጣች። ልጄ አፏን በሁለት እጇ ይዛ «አባዬ አትናገር፣ ትደነግጣለች» አለችኝ።

ቀጥታ ድንጋዩን መልቀም ጀመረች። ግማሽ ኩብ ማይሲስ ከትፌ በፒፔት ከውሃው ፍሰት ጋር ለቀቅኩላት፣ መጀመሪያ አለፈችው፣ ሁለተኛ ጊዜ አንዱን ቀመሰች፣ ተፋችው፣ መልሳ በላችው። የአሳ እንቁላሉን ግን ተሻምታ ነው የበላችው። አፏ ንጹሕ ነው፣ ትንፋሿም ደህና ነው። ጀርባዋ ትንሽ የሰረገደ መሰለኝ፣ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ማታ እለጥፋለሁ።

ረፋድ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀስ እያለች ወደ አሸዋው ወረደች፣ 5 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ገባች። ኬንያ ላይ መሽቷል ማለት ነው! ስልኬን አውጥቼ የአዲስ አበባን ሰዓት አየሁ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው ይላል።

ዛሬ እሑድም በዚያው ሰዓት ወጥታለች። ቲስቤ ሁለት ጠርሙስ አዝዣለሁ፣ ሳህኑንም ነገ እገዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሥራ ስሄድ በቀን አራት አምስት ጊዜ መመገቡ እንዴት ይሆናል? ባለቤቴ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እሰጣታለሁ ብላለች።

የኮራል_እናት

እልል! ቡና እየጠጣሁ ነው ያነበብኩት፣ እንባዬ መጣ።

ለምግቡ፣ አሁን ነቅታ የምትቆየው እስከ 5 ሰዓት ተኩል ስለሆነ 12 ሰዓት ከ20፣ አንተ ለሥራ ልትወጣ ስትል 1 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ባለቤትህ 4 ሰዓት ላይ፣ ብትችል 5 ሰዓት ላይም ትድገምላት። ለጊዜው ይበቃል። ሰዓቷ ሲስተካከል ማታ አንተ ትጨምርበታለህ። ለባለቤትህ ምግቡን በትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አዘጋጅተህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥላት፣ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ጊዜ፣ አድሮ የቀረውን ድፋው። ስታፈስስ ክላውኖቹን መጀመሪያ በሌላው ጥግ ታሳስታቸው፣ አለበለዚያ እነሱ ናቸው የሚበሉት።

የኋላውን ቀዳዳ ዘጋኸው?

ሜሪላንድ75

ዘግቼዋለሁ። መረቡን ቱቦው ዙሪያ በክር ሰፍቼዋለሁ፣ የጣት ጫፍ እንኳ አያስገባም።